የሸርጣን ደም

ዛሬ ፒያሳ ደም ልመረመር ሄጄ ወረፋው አልንቀሳቀስ ሲለኝ፣ ስልኬ ላይ ስለ ሸርጣን ደም ሳነብ ቆየሁ (መርፌ ሳይ ፊቴን የማዞር ሰው!)። ብራዚል ውስጥ የማንግሮቭ (በባሕር ጠረፍ ጨዋማ ጭቃ ላይ የሚበቅል ዛፍ) ረግረግ መበከሉን ለማወቅ ከጭቃው ሸርጣን ይዘው ጥቂት ደም ይቀዳሉ። ደሙ ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ሳይሆን በመዳብ ስለሆነ ሰማያዊ ነው። ከዚያ ሴሎቹ ላይ ቀይ ማቅለሚያ ጠብ አድርገው ሰዓት ይይዛሉ። ጤነኛ ሴል ቀለሙን በውስጡ ባሉት ትንንሽ ከረጢቶች አምቆ ይቆያል፤ ብክለት የጎዳው ግን ቶሎ ያፈሰዋል። ሸርጣኑ ሳይሞት፣ ገና ከላይ ደህና መስሎ ሳለ ማለት ነው! እኔን የገረመኝ ይሄ ነው።

ስወጣ ጥጡን ክንዴ ላይ ተጭኜ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆምኩና ቁልቁል ወንዙን አየሁት። ለእሱስ ማን ደም ይሰጥለት ይሆን?

የኔን ውጤት ነርሷ «ነገ ከሰዓት ና» ብላኛለች።