ፕሮቶን ተከትዬ ከጄኔቫ እስከ ግራን ሳሶ

የአቶም እምብርት ቅንጣት የሆነው ፕሮቶን ከሌላ ፕሮቶን ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ በማሽንም በፀሐይ ውስጥም፣ ለማወቅ ነው የወጣሁት። የጄኔቫው 18 ቁጥር ትራም ከባቡር ጣቢያው ተነስቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሄድና የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሆነው ሰርን በር ላይ ያበቃል። እስከዚያ ድረስ ቀና ብሎ ሰላም የሚል ሰው የለም። እኔ ደግሞ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው ጋር "እንዴት አደርክ" ካልተባባልኩ መንገድ አይገፋልኝም። ዋጋውም ያማርራል። ለደረቅ ሳንድዊችና ለውሃ 17 ፍራንክ ከፈልኩ። ደግነቱ የሰርን ኤግዚቢሽን በነፃ ነው።

ትልቁ የቅንጣት ማፋጠኛ ከመሬት በታች 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ 27 ኪሎ ሜትር በሚዞር ዋሻ ውስጥ ነው ያለው። እየሠራ ሳለ ጎብኚ አይወርድም። እላይ ግን ለዕይታ የተቆረጠ ሰማያዊ ማግኔት አለ፤ እሱ ጋ ብዙ ቆምኩ። መሐሉ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቱቦዎች አሉ፤ የእያንዳንዱ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በአንዱ ፕሮቶኖች ወደዚህ፣ በሌላው ወደዚያ ይሮጣሉ። ያንን ክብ በሰከንድ ከ11 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞሩታል። ሁለቱ መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ይላተማሉ፤ ከግጭቱ ጉልበት አዳዲስ ቅንጣቶች ይወለዳሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. መገኘቱ የተነገረው፣ ቅንጣቶች ክብደት ከሚያገኙበት መንገድ ጋር የተያያዘው ሂግስ ቦዞን የሚባል ቅንጣትም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከጄኔቫ እስከ ሮም በባቡር ተኛሁ። ከ2006 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ሰርን በምድር ውስጥ አሳልፎ ጣልያን ውስጥ ተራራ ሥር ወዳለው የግራን ሳሶ ላቦራቶሪ ይልካቸው የነበሩት ኒውትሪኖዎች፣ ማለትም ከምንም ነገር ጋር እምብዛም ሳይነካኩ የሚያልፉት ኢምንት ቅንጣቶች ግን 730 ኪሎ ሜትሩን በ2.4 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሱት ነበር።

ሮም ያደርኩበት ማረፊያ አንጀቴን አሳረረኝ። የከተማውን ግብር ከክፍሉ ጋር ከፍዬ ደረሰኝ ይዣለሁ፤ ሰውዬው በጥሬ ገንዘብ ድገም አለኝ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የት እሄዳለሁ? ከፈልኩ። መስኮቱ አይዘጋም፤ ሞተር ሳይክል ሲያጓራ ነጋ።

በአውቶቡስ ላኩዊላ ገባሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ የመታት ከተማ ናት። ፌርማታ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ መኪናቸውን አቁመው ወዴት ነው አሉኝ፣ በእጃቸው። "ላቦራቶሪ" አልኳቸው። የሚያግባባን ይህች አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። እስከ በሩ አደረሱኝ። ለቤንዚን ብዬ የዘረጋሁትን 10 ዩሮ ራሳቸው መልሰው ኪሴ ከተቱት። የሮሙ ንዴቴ እዚያው በረደ።

ወደ ምድር ውስጥ ላቦራቶሪው የሚያስገባው በር ያለው በአውራ ጎዳናው ዋሻ ውስጥ፣ ወደ ላኩዊላ በሚመለሰው መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ጎብኚዎቹን የያዘችው መኪና 10 ኪሎ ሜትሩን ዋሻ አቋርጣ ወጣች፣ ዞራ እንደገና ገባች። ከላይ 1,400 ሜትር ዐለት አለ። ይህ ዐለት ከሰማይ የሚዘንቡትን ሌሎች ቅንጣቶች ያስቀራል፤ ኒውትሪኖ ግን ያልፈዋል። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጣሪያው ውሃ ያንጠባጥባል።

አስጎብኚያችን ቦሬክሲኖ የሚባለው የኒውትሪኖ መያዣ መሣሪያ የነበረበትን አዳራሽ አሳየን። መሣሪያው ከ2007 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ሠርቷል። እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነበር፤ ውጪው ውሃ፣ ቀጥሎ የብረት ድቡልቡል፣ መሐሉ ላይ በስስ ናይለን የተያዘ 280 ቶን ያህል ፈሳሽ። ኒውትሪኖ አንዱን ኤሌክትሮን ሲገፋው ፈሳሹ ብልጭ ይላል፤ ከ2,200 የሚበልጡ የብርሃን ዳሳሾች ያዩታል። በየሰከንዱ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 60 ቢሊዮን ያህል የፀሐይ ኒውትሪኖ ያልፋል። በፀሐይ ውስጥ ከቤሪሊየም የሚመነጩት ግን በ100 ቶን ፈሳሽ ውስጥ የሚያዙት በቀን 50 ቢጠጉ ነው።

ከዚያ የሄድኩበትን ነገር ጠየቅኩት፦ ፀሐይ ውስጥስ ፕሮቶን ከፕሮቶን እንዴት ይገናኛል? ይገፋፋሉ አለኝ። ቢቀራረቡ እንኳ፣ በዚያችው ቅጽበት አንዱ ወደ ኒውትሮን መለወጥ አለበት። ይህ ከተፈጥሮ መሠረታዊ ኃይሎች አንዱ የሆነው የደካማው የኑክሌር ኃይል ሥራ ስለሆነ እጅግ አልፎ አልፎ ነው የሚሆነው። አንድ ፕሮቶን በአማካይ ቢሊዮኖች ዓመታት ይጠብቃል። ፀሐይ ነዳጇን በአንዴ ሳትጨርስ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ያበራችው ለዚህ ነው። በተሳካ ቁጥር አንድ ኒውትሪኖ ይወጣና በስምንት ደቂቃ እኛ ጋ ይደርሳል። ቦሬክሲኖ እነዚህን በቀጥታ መለየቱን በ2014 እ.ኤ.አ. አሳወቀ። ያን ስሰማ ብርዱን ረሳሁት። ሰርን ያስደንቃል፤ ለእኔ ግን ይኼኛው በለጠብኝ።

መሄድ የምታስቡ ቀጠሮ ቀድማችሁ ያዙ፤ በበጋም ቢሆን ወፍራም ጃኬት አይቅርባችሁ። የሰርን ኤግዚቢሽን ሰኞ ዝግ ነው።