ሦስት የተሳሳቱ መልሶቼ

ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ

ከዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጠረጴዛዬ ላይ የደረቀ የቡና ጠብታ አይቶ፣ መሃሉ ነጣ ብሎ ጠርዙ ብቻ የጠቆረው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። ጠብታው ከላይ ሲወድቅ ተመትቶ ስለሚዘረጋ ድቃቂው ወደ ዳር ይገፋል ብዬ መለስኩለት፤ እርሱም አመስግኖኝ ሄደ። መልሱ ስሕተት መሆኑን ያወቅሁት ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ከሄደ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ትክክለኛው መልስ ያን ጊዜ ታትሞ ከወጣ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖት የነበረ መሆኑ ነው።

ሰሞኑን ስለ ፈሳሾች፣ ስለ ሰውነት የበሽታ መከላከያና ስለ አዳዲስ ቁሶች የተጻፉ ነገሮችን ሳነብ ሰነበትኩ። በሦስቱም ላይ ለዓመታት ይዤው የኖርኩት ግምት ተገልብጦ ስላገኘሁት ለራሴ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ዓመታቱን የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የቡናውን ጠብታ ነገር በ1997 አብራርተው ያሳተሙት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሮበርት ዲገንና ባልደረቦቹ ናቸው። ጠብታው ያረፈበት ገጽ ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም ጥቃቅን ሸካራነት ስላለው የጠብታው ጠርዝ ባረፈበት ተጣብቆ ይቀራል፤ ውኃው እየተነነ ሲሄድ ጠብታው ወደ መሃል መሰብሰብ ሲገባው ጠርዙ ስለማይለቅ ከፍታው ብቻ ይወርዳል። ትነቱ የሚበረታው ደግሞ ፈሳሹ በሚሳሳበት በዳሩ በኩል ነው። በዳሩ የተነነውን ለመተካት ከመሃል ወደ ዳር ለዓይን የማይታይ ፍሰት ይነሣል፤ ያ ፍሰት ድቃቂውን እየጠረገ ወስዶ ጠርዙ ላይ ይከምረዋል። ጥቁሩ ቀለበት እንግዲህ ከአወዳደቁ ጋር ጉዳይ የለውም። ዛሬ ጠዋት አንዲት ጠብታ በማንኪያ ጫፍ ወስጄ ሳህን ላይ በቀስታ አሳረፍኳትና እስክትደርቅ ጠበቅሁ፤ ቀለበቷን ሠራች። ያን ልጅ «ና እንሞክረው» ብለው ኖሮ፣ ስሕተቴን ለማወቅ ከአንድ የእረፍት ሰዓት የበለጠ አያስፈልገኝም ነበር።

በ2011 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን አንድ እርምጃ ወሰዱት። በፈሳሹ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ድቡልቡል በመሆን ፈንታ ሞላላ ከሆኑ ቀለበቱ አይሠራም፤ ሞላሎቹ ወደ ዳር እየተወሰዱ ሳለ ውኃውና አየሩ በሚገናኙበት ገጽ ላይ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ይቆማሉ፣ ጠብታውም ሲደርቅ ወጥ የሆነ ምልክት ይተዋል። ቀለም ረጭቶ የሚያትም ማሽን ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለእርሱ የጠቆረ ጠርዝ የተበላሸ ሥራ ማለት ነውና።

ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በ2025 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ፈገግ አሰኝቶኛል። በማጥለያ ወረቀት ላይ ባለ የተፈጨ ቡና ላይ ፍል ውኃ ሲንቆረቆር ምን እንደሚሆን ለማየት፣ በቡናው ፈንታ ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ጠጠሮችን በመስታወት ውስጥ አድርገው በፈጣን ካሜራ ቀረጹት። ቀጭን ሆኖ ሳይቆራረጥ ከፍ ካለ ቦታ የሚወርድ ውኃ የተነጠፈውን ቡና ሰርስሮ ይገባና ዳር ያለው እየተናደ ወደ መሃል እንዲገባ ያደርገዋል፤ እንዲህ ሲገላበጥ ውኃው እያንዳንዱን ቅንጣት ስለሚያገኘው ባነሰ ቡና ያንኑ ጥንካሬ ማግኘት ይቻላል። ይህን ያነበበ የእኛ ሰው እናቶቻችን ጀበናውን ከፍ አድርገው የሚቀዱት ለዚህ ነው ለማለት ይቸኩል ይሆናል። እኔም ቸኩዬ ነበር። ነገር ግን የጀበና ቡና የሚወጣለት እሳት ላይ ሳለ ነው፤ ሲቀዳ የሚፈለገው አተላው በሰከነበት እንዲቀር ነው እንጂ እንዲናድ አይደለም፤ ጥሩ ቀጂም ጀበናዋን ሳታቃና ከስኒ ወደ ስኒ የምታልፈው ስለዚሁ ነው። ሁለቱ ጥበቦች በከፍታው ይመሳሰሉ እንጂ የሚሹት ተቃራኒ ነው። አራተኛ የተሳሳተ መልስ ሊሆንብኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ሁለተኛው ስሕተቴ በታናሽ እኅቴ ላይ የሠራሁት ስለሆነ በጠብታው እንደሳቅሁት ልስቅበት አልችልም። ከስድስት ዓመት በፊት የእጆቿ ጣቶች ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይሏት ጀመር፤ ቁርጥማት ነው ተባለ፤ ጠበል ተጠመቀች፤ በመጨረሻም ሐኪም ሩማቶይድ አርትራይተስ መሆኑን ነገራት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጎረቤቱም ዘመዱም እኔም ጭምር የምንላት አንድ ነገር ነበር፦ ሰውነትሽ ደክሟል፣ በሽታ የመከላከል አቅምሽን አጠንክሪ። በኮሮና ወቅት የለመድነው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በየቀኑ ይቀጠቀጥላት ነበር፤ እኔም በየወሩ ነጭ ማር እገዛላት ነበር። የእርሷ መከላከያ ግን አልደከመም። የገዛ መገጣጠሚያዎቿን የውስጥ ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚወጋው ራሱ ነው። ማሩ አልጎዳትም፤ የሚቆጨኝ እኔ ሳይንስ አስተማሪው «አጠንክሪ» እያልኩ የኖርኩት ልጓም ለሚያስፈልገው ነገር መሆኑ ነው።

መስከረም 26 ቀን የዘንድሮው የሕክምና የኖቤል ሽልማት ለሜሪ ብራንኮ፣ ለፍሬድ ራምስዴልና ለሺሞን ሳካጉቺ መሰጠቱ ሲነገር ታሪኩን ከመጀመሪያው ተከታትዬ ያነበብኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የምትባል ዕጢ አለች፤ ቲ ሕዋሳት የሚባሉት ተከላካዮች ተፈትነው የሚያልፉት በእርሷ ውስጥ ነው። ይህች ዕጢ ከአይጥ ግልገሎች በተወለዱ በሦስተኛ ቀናቸው ብትወጣ፣ የተከላካዮቹ ቁጥር ስለሚቀንስ ሰውነታቸው ይደክማል ተብሎ ይጠበቃል። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ መከላከያቸው በገዛ ሰውነታቸው ላይ ተነሣ። ሳካጉቺን የያዘው ይህ እንቆቅልሽ ነበር። ከጤነኛ አይጦች የተወሰዱ ቲ ሕዋሳትን ለእነዚያ ግልገሎች ሲሰጣቸው ከበሽታው ዳኑ፤ ስለዚህ ከቲ ሕዋሳት መካከል ሌሎቹን የሚገታ ወገን መኖር አለበት ብሎ አሰበ። በ1980ዎቹ እንዲህ ያለው አሳብ ብዙ ሰው ሞክሮት መልሶ የጣለው ስለነበር የሚሰማው አላገኘም። እርሱ ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ1995 እነዚያን ሕዋሳት ለይቶ የሚያሳውቃቸውን ምልክት ይዞ ቀረበ። ዛሬ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ይባላሉ።

ሁለተኛው የታሪኩ ክር የሚጀምረው በ1940ዎቹ ነው። በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት በኦክ ሪጅ፣ የጨረርን ጉዳት ለማጥናት ይረቡ ከነበሩ አይጦች መካከል ቆዳቸው እየተላጠ፣ ጣፊያቸው እያበጠ፣ ጥቂት ሳምንት ብቻ ኖረው የሚሞቱ ወንድ ግልገሎች ይወለዱ ጀመር። ብራንኮና ራምስዴል በ1990ዎቹ በዋሽንግተን ግዛት በአንድ ኩባንያ ሲሠሩ የዚህን ጥፋት ምንጭ ለማግኘት ተነሡ። ሕመሙ በወንዶቹ ላይ ብቻ መታየቱ ጉድለቱ ወንዶች አንድ ብቻ ባላቸው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ እንዳለ ያሳይ ነበር፤ የዚያን ክሮሞዞም አብዛኛውን ክፍል ከጥርጣሬ እያወጡ ሄደው 20 ዘረመሎች ብቻ ቀሩ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ጤነኛውን ከታመመው ጋር እያነጻጸሩ መፈተሽ ሆነ። የተገኘው በሃያኛው ነው። (ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ እኔ በዐሥራ ሁለተኛው ላይ ተስፋ እቆርጥ ነበር።) ፎክስፒ3 ብለው ሰየሙት፤ በ2001ም ይኸው ዘረመል ሲበላሽ በሰው ልጆችም ላይ ብዙ የሰውነት ክፍል የሚያጠቃ ብርቱ ሕመም እንደሚያመጣ አሳዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳካጉቺና ሌሎች ተመራማሪዎች ሁለቱን ክሮች አገናኙ፦ ተቆጣጣሪዎቹን ሕዋሳት ተቆጣጣሪ የሚያደርጋቸው ይህ ዘረመል ነው።

ከዚህ ሁሉ ለእኅቴ ምን ነገር ይወጣል ብዬ ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ። ዛሬ የምትወስደው ሜቶትሬክሴት የሚባል ኪኒን ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይዋጣል፣ በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል። ሠርቶላታል፤ ነገር ግን መከላከያውን በጅምላ የሚያቀዘቅዝ እንጂ ጥፋተኛውን ለይቶ የሚይዝ አይደለም። ተቆጣጣሪ ሕዋሳትን ከበሽተኛው ወስዶ፣ ከሰውነት ውጭ አባዝቶ መመለስ ይቻል እንደሆነ በሰዎች ላይ እየተሞከረ ነው። ካንሰርን የሚያጠኑት ደግሞ የተገላቢጦሹን ይፈልጋሉ፤ የካንሰሩ ዕጢ እነዚህኑ ሕዋሳት በዙሪያው እየሰበሰበ ከመከላከያው ጋሻ ያደርጋቸዋልና እነርሱን ማራቅ ነው ሥራቸው። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ የመከላከል አቅሙን ያጠንክር ሲባል ስሰማ፣ የማን አቅም፣ በምን ላይ ብዬ መጠየቅ ይቃጣኛል። በለቅሶ ቤት ይህን ብዬ አንድ ሽማግሌ አስቀይሜያለሁ።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልጻፈው። ጥሩ ቁስ ማለት ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በውስጡ የሚገኝ ባዶ ቦታ ጉድለት ነው ብዬ አምን ነበር፤ አስተምሬውም ይሆናል። ዘንድሮ የኬሚስትሪው ሽልማት የተሰጠው ባዶ ቦታን ሆን ብለው ለሠሩ ሦስት ሰዎች ነው፦ ለሪቻርድ ሮብሰን፣ ለሱሱሙ ኪታጋዋና ለዖማር ያጊ። ሮብሰን በ1974 በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ የሞለኪውል ሞዴል ሊያዘጋጅ የእንጨት ኳሶችን እንዲበሱለት ወርክሾፕ ሰጠ፤ ቀዳዳዎቹ በትክክለኛው ቦታ ስለተበሱ ኳሶቹ ሲገጣጠሙ ቅርጹ ራሱን በራሱ እንደሚያወጣ አስተዋለ። እኔም በድንችና በስንጥር ስንት ሞለኪውል ሠርቻለሁ፤ ከድንቹ ግን ምንም አልመጣልኝም። እርሱ አሳቡን ከዐሥር ዓመት በላይ ይዞት ቆይቶ በ1989 የመዳብ አዮኖችን አራት ክንድ ባለው ሞለኪውል አገናኝቶ፣ እንደ አልማዝ የተደረደረ ነገር ግን በውስጡ ሰፋፊ ባዶ ክፍሎች ያሉት ቁስ አሳየ። ቶሎ የሚፈርስ ነበር። ኪታጋዋ በ1997 ጋዝ ሲገባበትና ሲወጣበት የማይፈርስ አደረሰ፤ ያጊ በ1999 ያወጣው ደግሞ ባዶውን እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅም ይቆማል፤ የጥቂት ግራሙ የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል።

ያጊ በ1965 በአማን ከተማ ከፍልስጤም ከተሰደዱ ወላጆች ተወልዶ፣ ከከብቶቹ ጋር በሚጋሩት አንድ ክፍል ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ውኃ ወደ ሰፈራቸው የሚመጣው ከብዙ ቀን አንዴ ለጥቂት ሰዓት ነበር። ከሠራቸው ቁሶች መካከል አንዳንዶቹ በአሪዞና በረሃ ሌሊት ከደረቁ አየር እርጥበት መጥጠው፣ ቀን ፀሐይ ሲሞቃቸው ውኃ አድርገው ይመልሱታል።

ይህን ያነበብኩት ትናንት ማታ ሲሆን፣ ዛሬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የቧንቧው ፉጨት ቀሰቀሰኝ፤ የፈረቃችን ውኃ መጣ። እኅቴ ለክትትል ከክፍለ ሀገር መጥታ እኔ ዘንድ ናትና እርሷም ተነሣች። ጀሪካን ማንሣት በዚያ ሰዓት ስለማይሆንላት ጎማውን በሁለት መዳፏ በርሜሉ አፍ ላይ ደግፋ ያዘች፤ እኔ ባልዲ ባልዲውን ወደ ኩሽና አመላልስ ነበር። በዚያው ስለ ተቆጣጣሪዎቹ ሕዋሳት ነገርኳት።

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ለእኔ አይጨምሩልኝም?» አለች።

«ገና በሙከራ ላይ ነው።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ ሰኞ ሰኞ ኪኒንሽን መዋጥ ነው።»

ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «እንግዲያውስ ማሩን ለልጆቹ ስጥልኝ» አለችኝ። በርሜሉ ሊሞላ አንድ ስንዝር ሲቀረው ውኃው ሄደ።