ከተፈናቃዮች ጋር በሥዕል ጥናት ስንሠራ ወረቀቱ የማን ነው?

በ2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያና ከሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ የተፈናቀሉ ሰዎች ድሬዳዋና ሐረር ከገቡ ወዲህ መጠይቅ ይዞ የሚመጣ እንግዳ አላጡም። የቤተሰብ ብዛት፣ የጠፋ ከብት፣ የተቃጠለ ቤት እየተባለ ያንኑ ደጋግመው ተጠይቀዋል። ተሳታፊው ራሱ ኑሮውን እየሳለ የሚናገርበትን አሳታፊ የሥዕል ዘዴ የመረጥኩት ምን እንደሚነሳና ምን እንደሚቀር ባለቤቱ እንዲወስን ነው። ችግሩ ሥዕል ካለቀ በኋላ ያለ ባለቤቱ ብቻውን ይዞራል።

ስለዚህ ፈቃድ አራት ጊዜ ለየብቻ እጠይቃለሁ፤ ለመሳል፣ ስለ ሥዕሉ ለማውራት፣ ፎቶ ለማንሳት፣ ለሌላ ሰው ለማሳየት። አራተኛውን በዚያው ቀን አልጠይቅም። ቢያንስ ሳምንት ቆይቼ፣ ሥዕሉ የሚታይበትን መልክ አትሜ ይዤ እመለሳለሁ። «እስከዚህ ቀን ድረስ ሐሳባችሁን መቀየር ትችላላችሁ፤ ከታተመ በኋላ ግን መልሼ ላወጣው አልችልም» ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

ፈቃዱን በቃል፣ ምስክር ባለበት ነው የምቀበለው። መጠለያ ውስጥ ፊርማና አሻራ ማለት የዕርዳታ መዝገብ ነው። ወረቀት ላይ ያስፈረመ ሰው ዘይትና ዱቄት ያመጣል ተብሎ ይጠበቃል፤ አልፈርምም ያለም ስሙ ከዝርዝር የሚወጣ ይመስለዋል። በተለይ የመጠለያው ኮሚቴ ሰው መርጦ ሲጠራ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ እያንዳንዱን ኮሚቴው በሌለበት ደግሜ እጠይቃለሁ። የጊዜ ካሳና የባጃጅ ሂሳብ ለሁሉም እኩል፣ ገና እንደመጡ ይከፈላል። መጨረሻ ላይ ከተከፈለ ማንም አቋርጦ አይወጣም።

በአንድ ዙር ከ6 እስከ 8 ሰው ይበቃል፤ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ። ሁለት አወያዮች ያስፈልጋሉ፦ አንዱ ያወያያል፣ ሌላው የከፋው ሰው እንዳለ ብቻ ይከታተላል። ለአፋን ኦሮሞና ለሶማሊኛ አስተርጓሚውን ከዚያው መጠለያ አልወስድም፤ ጎረቤት ፊት የተነገረ ነገር ማታውኑ መንደር ይዞራል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 5፡00 ነው። ከዚያ በኋላ የድሬ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር አያስቀምጥም፣ ጫት የሚቅመውም ልቡ በርጫው ላይ ነው። የሰም ከለር በዚያ ሙቀት ይላላና ይሰበራል፤ የእንጨት ከለር ይሻላል። እርሳስ ይዞ ለማያውቅ ሰው ፍሊፕ ቻርት (ትልቁን የስብሰባ ወረቀት) ስትዘረጉለት ይደነግጣል፤ በግማሽ ኤፎር ጀምሩ። መሳል የማይፈልግ መሬት ላይ በጠጠርና በባቄላ ይደርድር። ሰውና እንስሳ መሳል በሃይማኖቴ አይፈቀድም የሚል ካለ መንገድ፣ ቤት፣ ዕቃ ወይም የሰፌድ ጥለት ይበቃል።

ላጲስ የግድ ነው። አንዳንድ አጥኚ የተሰረዘውም መረጃ ነው ብሎ ላጲስ አያቀርብም፤ ለእኔ ስርቆት ነው። አንዲት እናት በር ላይ የቆመ ሰው ስላ መልሳ ካጠፋችው፣ ያ ሰው ከጥናቱ ወጥቷል። ስለዚህ «ጨርሻለሁ» ሳይባል ፎቶ አይነሳም፣ የጠፋው ለምን ጠፋ ተብሎም አይጠየቅም።

«የተፈናቀላችሁበትን ቀን ሳሉ» አይባልም። «ቀኑ እዚህ እንዴት ይውላል?» ወይም «ውሃ የምትቀዱበትን መንገድ አሳዩን» ይበቃል። ሰው በራሱ ወደ ግፉ ከሄደ አላቋርጠውም፣ አልቆሰቁሰውምም። ሪፈር የሚቀበል የጤና ባለሙያ አስቀድሞ ካልተገኘ ግን ሥራው አይጀመርም። የልጆችን ሥዕል እንደ ምርመራ ማንበብም ይቅር፤ ቀዩ ሁሉ ደም አይደለም፣ ሌላው ከለር በጓደኛው እጅ ስለነበረ ሊሆን ይችላል።

የሰውነት ካርታ ሲሠራ ተሳታፊው ወረቀት ላይ ተኝቶ ዙሪያው ይሰመራል። እዚህ ለብዙ ሴቶች ነውር ነው፤ ትንሽ ንድፍ ራሳቸው ይስላሉ። ተሳታፊዎች ራሳቸው ፎቶ አንስተው ስለ ኑሯቸው የሚናገሩበት ፎቶቮይስ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ ከቻይና ዩናን ገጠር ሴቶች ጋር የጀመሩት ዘዴ፣ ሌላ አደጋ አለው። ስልኩ ላይ የካሜራው ሎኬሽን ይዘጋ። ምስል በቴሌግራም እንደ ፋይል ከተላከ የተነሳበት ቦታ አብሮት ሊሄድ ይችላል።

ስም አለመጻፍ ብቻውን ማንነትን አይሸሽግም። የመስጊዱ ሚናራ፣ ድልድዩ፣ የበሩ ቀለም ያገሩን ሰው ይበቃዋል፤ ድሬ ላይ ኤግዚቢሽን የሚያየው ደግሞ የሁለቱም ወገን ዘመድ ነው። በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ብሔርን የሚመለከት መረጃ ልዩ ጥበቃ ያለው ነው፤ ሥዕል ደግሞ ሳይጠየቅ ይናገረዋል። በሌላ በኩል «ሥራዬ ነው፣ ስሜ ይጻፍ» የሚል አለ። ስሙ ሌላ ሰው የማያጋልጥ ከሆነ ይጻፍለት።

ዋናው ሥዕል በፕላስቲክ ማኅደር ለባለቤቱ ይመለሳል፣ እኔ ቅጂ እይዛለሁ። ቤት ማስቀመጥ የምትፈራ ካለች እዚያው ፊቷ ይቀደዳል፤ ቅጂው እንዲቀር ካልፈለገች ፎቶውም ከጋለሪው፣ ሪሳይክል ቢን ውስጥ የሚቀረውም ጭምር፣ እያየች ይሰረዛል።