የለመድነው ጩኸት

የምሠራው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ ቪዲዮ ቤት ነው። ሰርግ እንቀርጻለን፣ ምርቃት እንቀርጻለን፣ ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የለም። ካሜራ የሚይዙት ሌሎች ናቸው። እኔ የጓዳው ሰው ነኝ። የተበላሸ እጠግናለሁ፣ ገመድ እቀጥላለሁ፣ ባትሪ ቻርጅ አደርጋለሁ። ድሮናችንንም ዕቃውን አንድ በአንድ አስመጥተን የገጣጠምኩት እኔ ነኝ።

አንድ ድርጅት ስለ ጎንደር አጭር ፊልም እንድንሠራ አዘዘን። የድሮኑን ፈቃድ እነሱ ጨርሰው ወረቀቱን ሰጡን። የፊልሙ መክፈቻ ቁስቋም ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ተራራው ጥግ ላይ ያለው፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግቢ ነው። ቤተ መንግሥቱ ጣሪያ የለውም፤ ግድግዳው ግን ዛሬም ቆሟል። የቪዲዮ ቤታችን ባለቤት ጋሼ አንድ ነገር በጣም ፈልገዋል። ድሮኑ ከታች ከዛፎቹ መሃል ይነሳል። ግድግዳውን እየታከከ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ወደ ኋላ ሲርቅ ከተማው ሁሉ ይገለጣል። ሳይቆረጥ፣ በአንድ ትንፋሽ።

ችግሩ ድሮናችን የሚቆየው 14 ደቂቃ ነው። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ቦታው ለመድረስ አንድ ደቂቃ ይሄዳል፣ ለመመለስ አንድ ደቂቃ፣ ብርሃን ለመጠበቅ ሁለት፣ ሦስት። ቀረጻው ደግሞ ይደጋገማል። ጋሼ «20 ደቂቃ አድርስልኝ» አሉኝ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማንም የሚያደርገውን ነው። ባትሪ ጨመርኩ። አንዱ ላይ ሌላ አንድ ደርቤ፣ እጥፍ አድርጌ ጫንኩ። ያገኘሁት 17 ደቂቃ ነው። እጥፍ ባትሪ፣ 3 ደቂቃ ብቻ! ሞተሮቹም ጣት አላስነካ አሉ። ምክንያቱ የክብደት ነገር ነው። አየር ላይ ተንሳፍፎ ለመቆም የሚያስፈልገው ኃይል ከክብደቱ ፈጥኖ ያድጋል። ክብደቱ በ40 ከመቶ ሲጨምር ኃይሉ ወደ 65 ከመቶ ይጨምራል። የጨመርከው ባትሪ ሥራው ራሱን መሸከም ይሆናል።

ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያው ድሮን እኛ ጋ ለመንሳፈፍ ከ10 ከመቶ በላይ ተጨማሪ ኃይል ይበላል። ስለዚህ የሻጩ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ይዞ ሥራ መቀበል አይቻልም። እዚሁ፣ በዚህ አየር መለካት አለበት።

ስለዚህ ወደ ማቅለል ዞርኩ። ከጎረቤታችን ወርቅ ቤት ሚዛን ተዋስኩ። ድሮኑን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈታሁትና እያንዳንዱን ዕቃ መዘንኩ። ረጃጅሙን ብሎን በአጭር ቀየርኩ። ትርፍ ሽቦውን ቆረጥኩ። የካሜራውን ሽፋን አወለቅኩ። ባለ ወርቅ ቤቱ «ይሄን ያህል ለግራም የምትሳሳው ወርቅ ነው እንዴ?» አለኝ። ለእኔ ወርቅ ነበር። የሚሽከረከረውን ክንፍ፣ ፕሮፔለሩን፣ 5 ኢንች ከነበረው ወደ 7 ኢንች ያሳደግነው ቀደም ብለን ነው። ሰፊ ፕሮፔለር ብዙ አየር በዝግታ ይገፋል፤ ጠባቡ ጥቂት አየር በፍጥነት ይገፋል። ለተመሳሳይ ክብደት ሰፊው ያነሰ ኃይል ይፈጃል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከባትሪው ዓይነት ነው። የድሮ ባትሪያችን ሊፖ ነበር፤ ለስላሳ ከረጢት የሚመስለው። እሱን አንስቼ ሊቲየም አዮን ገጠምኩ። 21700 የሚባሉት፣ የባትሪ ድንጋይ የሚመስሉት፣ 21 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው ናቸው። አንዱ 70 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስድስቱን በተከታታይ አያያዝኩ። ሊቲየም አዮን በአንድ ኪሎ የሚይዘው ጉልበት ከሊፖው ይበልጣል። ድክመቱ ደግሞ ድንገት ብዙ ጉልበት ስትጠይቀው ቮልቴጁ ቶሎ መውረዱ ነው፤ በተለይ ሊያልቅ ሲል። ሩጫ አይወድም፤ የመንገድ በቅሎ ነው። ሠፈር ሜዳ ላይ ስሞክረው 22 ደቂቃ ቆየ። ጋሼ አቀፉኝ።

ከዚያ የምስሉ ጣጣ መጣ። ቪዲዮውን ትልቁ ስክሪን ላይ ስንከፍተው ግድግዳው ይርገበገባል። በጠራራ ፀሐይ አስፋልት ላይ ያለ አየር እንደሚንቀጠቀጠው ማለት ነው። ስልክ ላይ አይታይም ነበር። ካሜራው ምስሉን ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ መስመሮቹ ይዛነፋሉ። አራቱንም ፕሮፔለር አውልቄ በቀጭን ዘንግ ላይ አንጠለጠልኳቸው። ከባዱ ክንፍ ሁልጊዜ ወደ ታች ያጋድላል። በቀለለው ክንፍ ጀርባ ላይ ትንሽ ስኮች ለጠፍኩ፤ አሁንም አጋደለ፤ ጨመርኩ። የጥፍር ግማሽ በምታህል ስኮች ቀጥ አለ። ያችን ቅጽበት እወዳታለሁ። ፕሮፔለሩ የትም ብታቆመው እዚያው ይቆማል። ካሜራው ሥር ደግሞ ለስላሳ ጎማ አደረግኩ።

ቤታፍላይት በሚባለው የድሮኑ በረራ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ፣ ለመናወጥ የሚሰጠውን ምላሽ የሚወስነውን፣ ዲ የሚባለውን ቁጥር ከፍ አድርጌው ነበር፤ ድሮኑን ያረጋጋልኛል ብዬ። ከልክ ሲያልፍ ግን ትንሿን ንዝረት ሁሉ ልመልስ እያለ ሞተሩን ያደክመዋል፣ ያግለዋል፣ ባትሪውንም ይበላል። ዝቅ ሳደርገው ሞተሮቹ ቀዘቀዙ፣ አንድ ደቂቃም አተረፍኩ። ምስሉ እንደ ሐር ሆነ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የባትሪ ማንቂያው።

ሪሞቱ ባትሪው ሲደክም ጢጥ ጢጥ ይላል። የሚጮኸው በአንድ ሴል፣ ማለትም ባትሪው ከተሠራባቸው ክፍሎች በአንዱ፣ 3.5 ቮልት ላይ እንዲሆን የተስተካከለው ለሊፖ ነው። ሊፖ በረራ ላይ እያለ 3.5 ከደረሰ ወደ ማለቁ ነው። ሊቲየም አዮን ግን 3.5 ላይ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ ወደ 3.0 እስኪጠጋ ይሠራል። ስለዚህ አዲሱን ባትሪ ከገጠምን ጀምሮ ሪሞቱ ከዘጠነኛው ደቂቃ አንስቶ እስከ መጨረሻው ይጮሃል። ጋሼ መጀመሪያ ቀን ደንግጠው «ምንድነው ይሄ?» አሉኝ። «ለድሮው ባትሪ የተለካ ነው ጋሼ፤ አይስሙት» አልኳቸው። ረዳታችንም ለመደው። እኔም ለመድኩት። ነገ እቀይረዋለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት ሄደ።

ቁስቋም የወጣነው በጥቅምት ነው፤ ዝናቡ አልቆ ተራራው ገና አረንጓዴ ሳለ። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ማር መሰለ። የመጀመሪያው ቀረጻ ላይ አንድ ጭላት መጥቶ ዞረን፤ እስኪሄድ ጠበቅን። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ነፋስ ነቀነቀው። ሪሞቱ እየጮኸ ነው።

«ጮኸ እኮ» አለ ረዳታችን።

«ሁሌ ይጮሃል፤ ተወው።»

ጋሼ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ «አንዴ ብቻ ድገምልኝ፤ ብርሃኑ ሊያመልጠን ነው» አሉ። 16ኛው ደቂቃ ላይ ነን። በሜዳው ሙከራ መሠረት ገና 6 ደቂቃ አለኝ። ደገምኩት። ድሮኑ ወደ ኋላ ሲርቅ ከጀርባችን የሚነፍሰው ነፋስ እየገፋ ወሰደው። ያን ቀን ያገኘነው ምርጡ ምስል ያ ነው። ከተማው ሁሉ ተዘረጋ፤ ፋሲል ግቢም በሩቁ ታየ።

ለመመለስ ሳዞረው ነፋሱ ፊት ለፊት ሆነ። ጉልበት ጨመርኩ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ 3.2 ይል ነበር። 3.0 ሆነ። 2.8። ጉልበት በጨመርኩ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቮልቴጁ በወረደ ቁጥር ሞተሩ ይደክማል። ወደፊት መሄዱ ቀርቶ መስመጥ ጀመረ። ከዛፎቹ ጫፍ በታች ወረደ። ምስሉ ተበጣጠሰ፣ ከዚያ ጠፋ። ሪሞቱ ያንኑ የለመድነውን ድምፅ ያሰማል። ጢጥ ጢጥ።

ቁልቁል ሮጥን። ልጆች ቀድመውን «እዚህ ነው! እዚህ ነው!» ይላሉ። የአንዲት እናት ጓሮ ነው። ለጠላ የሚሆን ብቅል ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ድሮኑ ስጡ መሃል በጀርባው ወድቋል። አንድ ክንዱ ተሰብሯል፤ አንዱ ፕሮፔለር ሰሌኑን ሰንጥቆ ተሰክቷል። ከሱ አንድ ክንድ እንኳ በማይርቅ ቦታ ትንሽ በርጩማ አለች። በርጩማዋ ላይ ዶሮ ማባረሪያ አርጩሜ ተጋድሟል።

«ስጡን የሚጠብቀው የልጅ ልጄ ነበር» አሉ እናትየዋ። «አሁን ገና ውኃ ጠማኝ ብሎ ገባ። ቁስቋም ማርያም ናት ያስነሳችው።»

ልጁ ጣሳውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ድሮኑ 1.2 ኪሎ ይመዝናል። ጉልበቴ ተሳሰረ፤ መሬት ቁጭ አልኩ። እናትየዋ እኔ የተጎዳሁ መስሏቸው ውኃ ይዘው መጡ። «ተነስ ልጄ፣ ማንም አልተነካ» አሉኝ። ጋሼ የብቅሉንና የሰሌኑን ዋጋ ልክፈል ብለው ለመኗቸው፤ በብዙ ልመና ተቀበሉ። ቡና ላፍላ ሲሉ «ዛሬስ አይሆንልንም እማማ፤ ሌላ ቀን እንመጣለን» አሏቸው።

ማታ ቪዲዮ ቤት ስንገባ ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ያንን ጩኸት ለመቀየር ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር?»

«ሁለት ደቂቃ» አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም።

ያን ሌሊት ድሮኑ የመዘገበውን ሁሉ ከፍቼ አየሁ። ሜዳ ላይ 22 ደቂቃ የቆየው ነፋስ በሌለበት፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው። ቁስቋም ላይ ወጥቷል፣ ወርዷል፣ ከነፋስ ታግሏል። ሌላም ስህተት አገኘሁ። ድሮኑ ምን ያህል ባትሪ እንደበላ የሚቆጥርበት መለኪያ አሳንሶ ይቆጥራል። ደብተሬን ከፍቼ አስተያየሁት። ባለፉት በረራዎች እሱ 3,300 ሚሊ አምፔር ሰዓት በላሁ ያለበትን ባትሪ፣ ቻርጀሩ 3,900 ያህል ሞልቶበታል። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ከሚይዘው 4,200 ላይ 3,900! ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፌያቸው አንድም ቀን አላስተያየኋቸውም።

መለኪያውን በቻርጀሩ ቁጥር አስተካከልኩ። ለሊቲየም አዮን ከቮልቴጅ ይልቅ የተበላው መጠን ይታመናል፤ ቮልቴጁ ጉልበት በጨመርክና በቀነስክ ቁጥር ይዋዥቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማንቂያ 2,900 ላይ እንዲጮህ አደረግኩ። ሲጮህ ምን እየቀረጽን ቢሆን እንመለሳለን። ሁለተኛው፣ ድምፁ የተለየው፣ 3.1 ቮልት ላይ ነው፤ እሱ ከጮኸ ካለንበት ባዶ ቦታ ፈልገን እናሳርፋለን። በረራ ስንጀምርም መጀመሪያ ወደ ነፋሱ ነው የምንሄደው፤ ባትሪው ሲደክም ነፋሱ እየገፋ እንዲመልሰን። ሰው ያለበት ግቢ ላይ ደግሞ በምንም ምክንያት አናልፍም። ይህ ከመጀመሪያውም መሆን ነበረበት። እኔ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ከሥር ያለውን ጓሮ አላየሁትም።

ክንዱን ቀይረን፣ ፕሮፔለሮቹን እንደገና ሚዛን አስጠብቄ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰን ወጣን። በጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ። የመጀመሪያው ማንቂያ የጮኸው ድሮኑ የግድግዳው ጥላ ውስጥ ሲገባ ነው፤ የቀረጻው ግማሽ ላይ። ጋሼ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው «ጮኸ!» አሉ። ረዳታችንም «ጮኸ!» አለ። እኔ መልሼው እየመጣሁ ነበር።

ባትሪ ቀይረን ከዚያው ጥላ ጀመርን። ሁለቱን በረራዎች ጨለማው ላይ አገናኘኋቸው። ከሥራው በኋላ ወደ እማማ ቤት ወረድን፤ ቡናውን ጠጣን። ልጁ ሪሞቱን ይዞ የቀረጽነውን እያየ «ጢጥ ጢጥ የሚለው የታለ?» አለኝ። ማንቂያውን ከፍቼ አሰማሁት።