ሃያዋ ዲግሪ

ዛሬ ልቤ ሥራ ላይ አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። መብራት ሄዶ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ላስረክበው የነበረው ቪዲዮ ሳያልቅ መሸ። እንዲህ ሲከፋኝ ኮምፒውተሩን መነካካት እወዳለሁ። ማራገቢያው ያለ ምክንያት ሲጮህ ሰማሁና እስቲ የፕሮሰሰሩን፣ ስሌቱን ሁሉ የሚሠራውን ዋና ቺፕ፣ ሙቀት ልይ አልኩ።

አንዱ ፕሮግራም 62 ዲግሪ አለ። ሌላው 42። በአንድ ሰዓት፣ ስለ አንድ ፕሮሰሰር፣ ያውም ምንም ሥራ ሳይኖርበት። ፕሮሰሰሩ የተሰካበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ የራሱ የሙቀት መለኪያ ሴንሰር አለው፣ እሱ ደግሞ 39 ይላል።

ታናሼ በትከሻዬ በኩል አየና «ትልቁን እመን፣ ለጥንቃቄ ይሻላል» ብሎኝ ሄደ። እኔ ግን ቁጥር እንዲህ አይመረጥም ባይ ነኝ። የሚያስፈራውን ስለመረጥን እውነቱ ላይ አንደርስም። ማራገቢያ መቀየር፣ ፕሮሰሰሩን ነቅሎ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ፔስት እንደገና መቀባት፣ ሁሉም ወጪና ድካም አለው። መጀመሪያ የትኛው ቁጥር ምን እንደሚናገር መታወቅ አለበት።

ሁለቱንም ዘጋሁና ለየብቻ ከፈትኳቸው። ይህችን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘላታል። ማዘርቦርድ ላይ ሙቀትንና የማራገቢያ ፍጥነትን የምትከታተል ትንሽ ቺፕ አለች። ሁለት ፕሮግራሞች እኩል ከጠየቋት መልሱ ሊደባለቅ ይችላል። የአንዱን መልስ ሌላው ያነበዋል፣ የማይመስል ቁጥርም ብቅ ይላል። የእኔዎቹ ግን ለየብቻም ሲከፈቱ ያው 62 እና ያው 42 ናቸው።

ከዚያ ፕሮሰሰሩን ሥራ አበዛሁበት። ያንኑ ያላለቀ ቪዲዮ ኤክስፖርት አስጀመርኩ። 62 የነበረው ወደ 88 ወጣ። 42 የነበረው ወደ 68። በመካከላቸው ያለው 20 ዲግሪ ንቅንቅ አላለም። የማዘርቦርዱ ግን ቀስ እያለ፣ ዘግይቶ፣ 55 ላይ ቆመ።

ለእኔ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልዩነቱ ቋሚ ከሆነ ሁለቱ የሚያዩት አንድ ነገር ነው፣ የተለያየው አቆጣጠራቸው ብቻ ነው። ሥራ ሲበዛ ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ ደግሞ የሚለኩበት ቦታ ተለያይቷል ማለት ነው። የማዘርቦርዱ ሴንሰር ፕሮሰሰሩ ከተሰካበት ሶኬት አካባቢ ነው የሚለካው፣ ሙቀቱ የሚፈጠረው ግን ፕሮሰሰሩ ውስጥ፣ ሲሊከኑ ላይ ነው። እስኪደርሰው ጊዜ ይወስዳል፣ በመንገድም ይቀንሳል። ስለዚህ 39 ያለው አልዋሸም። ሌላ ቦታ ሆኖ ነው የሚናገረው።

ሃያዋ ዲግሪስ? ፕሮሰሰሩ ራይዘን 7 1700ኤክስ ነው። ሠሪው ኩባንያ ኤኤምዲ እነዚህን ፕሮሰሰሮች እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያወጣ 1700ኤክስ እና 1800ኤክስ ከእውነተኛ ሙቀታቸው 20 ዲግሪ ጨምረው እንዲናገሩ አደረጋቸው። 38 ከሆኑ 58 ይላሉ። ኤክስ የሌለው 1700 ምንም አይጨምርም። ምክንያቱንም በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በግልጽ አስረድተዋል። ቁጥሩ ማራገቢያን ለማዘዝ የተሠራ ነው። ሁሉም ሞዴሎች የላይኛው ገደባቸው አንድ ቁጥር ላይ እንዲያርፍ፣ የማራገቢያው ሕግም ለሁሉም አንድ እንዲሆን ፈልገው ነው። በኋላ የመጣው 2700ኤክስ የሚጨምረው 10 ብቻ ነው። አዳዲስ ፕሮግራሞች ይህን ያውቁና ይቀንሱታል። የእኔ አንደኛው ፕሮግራም ያረጀ ስለሆነ አያውቅም። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ሁለቱን በየስማቸው ያገኛቸዋል፦ ቲሲቲኤል የማዘዣው ቁጥር ነው፣ ቲዳይ ደግሞ የሲሊከኑ።

ሌላም ምስክር ጠራሁ። ፕሮሰሰር የእውነት ገደቡ ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኤክስፖርቱ እየሄደ ፍጥነቱን አየሁ፣ አልወረደም። ከጀርባ የሚወጣው አየርም ለብ ያለ ነው። 68 እውነቱ ነው። ማራገቢያውም ያለ ምክንያት አልጮኸም፣ የሚታዘዘው በትልቁ ቁጥር ነው።

ባዮስ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ፣ ገብታችሁ አይታችሁ «ይኸው እዚህም ከፍ ብሏል» እንዳትሉ። ባዮስ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ዊንዶውስ ላይ እንደሚያርፈው አያርፍም። ሥራ የሌለው ቢመስልም ነቅቶ ነው የሚቆመው።

የድሮው ላፕቶፔ ፕሮሰሰር የሌላ ኩባንያ፣ የኢንቴል ነበር። የኢንቴል ነገር ደግሞ ሌላ ነው፣ ሁልጊዜም ይገርመኛል። እዚያ ውስጥ ያለው ሴንሰር «ይህን ያህል ሞቄያለሁ» አይልም። የሚለው «ገደቤ ላይ ለመድረስ ይህን ያህል ቀርቶኛል» ነው። ፕሮግራሙ ገደቡን፣ ብዙ ጊዜ 100 ዲግሪ ነው፣ ይይዝና የቀረውን ይቀንሳል። ገደቡን ካሳሳተ ሁሉንም ያሳስታል። ኮር 2 በሚባሉት የድሮ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ዘመን ፕሮግራም ሠሪዎቹ ገደቡን ይገምቱት ነበር። ለዴስክቶፖቹ ኢንቴል ራሱ ቁጥሩን የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሴንሰሩም ይበልጥ ልክ የሚሆነው ወደ ገደቡ ሲጠጋ ነው። ቀዝቀዝ ሲል ብዙም አይታመንም። የተሠራው አደጋ ሲቀርብ እንዲያውቅ ነውና።

ሆን ተብሎ የተጨመረ ቁጥር። ይህን እያሰብኩ እማዬ መጣችብኝ።

እማዬ ሆን ብላ ትቀንሳለች።

ግፊቷን የምትለካው እህቴ በላከችላት መሣሪያ ነው። ማታ ስደውል «ስንት አለሽ?» እላለሁ። «130 በ80፣ ተመስገን፣ አትጨነቅ ልጄ» ትለኛለች። ሁልጊዜ 130 በ80። የጎረቤት ልጅ አንዳንዴ ገብታ ትለካላትና የመሣሪያውን ፎቶ ትልክልኛለች። ባለፈው ፎቶው ላይ 148 በ92 ነበር። የዚያን ዕለት ማታም እማዬ ያው 130 በ80 ነች። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ደግሞ 160 ያልፋል።

የጤና ጣቢያው አያስደነግጠኝም፣ ይገባኛል። ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ነው የምትደርሰው። ነጭ ጋወን ስታይም ልቧ ይመታል። ለዚህም ነው ሐኪሞች ሐኪም ቤት ሲለካ 140 በ90ን፣ ቤት ሲለካ ግን 135 በ85ን የግፊት መነሻ የሚያደርጉት። ቤትም ቢሆን አለካኳ አስቸጋሪ ነው። ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም፣ የእሷ መለኪያ ሰዓት ግን ልክ ቡናው እንዳለቀ ነው፣ ረከቦቱ ሳይነሳ። አምስት ደቂቃ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን መሬት አስነክቶ፣ ክንድን ከልብ ትይዩ አድርጎ፣ ሳያወሩ መቀመጥ ያስፈልጋል። እማዬ አምስት ደቂቃ ዝም ብላ እንድትቀመጥ የሚያደርጋት ማን ነው? ጨርቁን የምታስረውም በሹራቧ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ይስተካከላል። ልጅቷን አስረድቻታለሁ፣ ደግሞም ጎበዝ ናት።

የማይስተካከለው እማዬ ራሷ የምትቀንሰው ነው። የምትቀንሰው ለእኛ ብላ ነው፣ አውቃለሁ። እህቴ እዚያ ሌሊት ትሠራለች፣ እኔ እዚህ ከሥራ ሥራ እሮጣለሁ፣ ታናሼ ገና አልተረጋጋም። እማዬ ይህን ሁሉ ደምራ ነው ከራሷ የምትቀንሰው። አባዬ በሕይወት ሳለም እንዲሁ ነበረች፣ ስትታመም እንኳ ቆማ ነበር የምታስተናግደው። መድኃኒቷን በሰዓቱ መውሰዷንም የምንሰማው ከእሷው አፍ ነው።

አንዴ በግልጽ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ያየሽውን ንገሪኝ፣ እንዳለ።» ትንሽ ዝም አለችና «ያየሁትንማ ነግሬህ፣ አንተ ከዚያ ሆነህ ምን ታደርግልኛለህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ባስመጣት አዲስ አበባን አትወድም። እኔ ልሂድ ብል ሥራው አይለቀኝም።

ከዚያ ወዲህ እሷ የምትለኝንና የፎቶውን ቁጥር ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ፎቶዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ምንም ማለት አልቻልኩም። ልዩነቱ ቋሚ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፣ እየደመርኩ አነበው ነበር። ግን እሷ ሁልጊዜ 130 ነው የምትለው። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የምትቀንሰውም አብሮ ይጨምራል ማለት አይደል? በባሰባት ቀን ስንት ቀንሳ ትነግረኝ ይሆን?