የጠየቅነው ወባ ነው

ላብራቶሪ ተረኛ ሆኜ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከሕፃናት ክፍል ሁለት የደም ቲዩብ መጣልኝ። አንዱ ባለ ወይን ጠጅ ክዳን፣ አንዱ ባለ ቀይ። ወረቀቱ ላይ ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ)፣ ብለድ ፊልም (መስታወት ላይ የተቀባ ደም በማይክሮስኮፕ የሚታይበት)ና ዊዳል (የታይፎይድ ምርመራ) ታዟል። ዕድሜ 4 ዓመት። "ትኩሳትና ድካም" ከሚለው በቀር የተጻፈ ነገር የለም።

ማሽኑ ሄሞግሎቢን 6.4 (ከባድ የደም ማነስ)፣ ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት ደግሞ 118 ሺህ አወጣ። ፊልሙን አየሁት፤ ወባ የለም። ቀይ ሕዋሳቱ ግን ተሰባብረዋል። ሄልሜት የመሰለ አለ፣ ሦስት ማዕዘን አለ፣ የጥፍር ቁራጭ የምትመስል ስባሪ አለች። ፕላትሌቱን በዓይኔ ቆጠርኩ። አሥር ፊልድ (በማይክሮስኮፕ አንዴ የሚታይ ቦታ) ላይ ያገኘሁት ሃያ ብቻ ነው። በአንድ ፊልድ ሁለት ማለት ነው፤ በ20 ሺህ ሲባዛ 40 ሺህ ገደማ። የኛ ማሽን የሚለየው በመጠን ስለሆነ ስብርባሪውንም ፕላትሌት ብሎ ቆጥሮታል።

ደወልኩ። ተረኛው ሬዚደንት (ስፔሻላይዝ እያደረገ ያለ ሐኪም) አነሳ።

"ዶክተር፣ ሺስቶሳይት፣ የተሰባበረ ቀይ ሕዋስ፣ ሞልቷል። ፕላትሌቱም ማሽኑ እንዳለው አይደለም፤ 40 ሺህ ቢሆን ነው።"

"እህቴ፣ የጠየቅነው ወባ ነው። አለ ወይስ የለም?"

"የለም። ልጁ ተቅማጥ ነበረው? ሽንትስ ይሸናል?"

ትንሽ ዝም አለ። "ይሄ እኮ ክሊኒካል ጥያቄ ነው። ያየሽውን ወረቀቱ ላይ ጻፊው።" ዘጋው።

ጻፍኩት። ሺስቶሳይት የሚለውን ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩበት። በኛ ቤት የላብራቶሪ ሰው ስለ በሽተኛው ከጠየቀ እንደ ደፋር ይቆጠራል። ይሄ ልማድ ሰው ይጎዳል። ያን ሌሊት ግን እኔም ለልማዱ ተገዛሁ። ሕፃናት ክፍል ከኛ ሁለት ፎቅ ብቻ ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ አልወጣሁም።

ጠዋት ሲኒየሯ ሐኪም ወረቀቱን አይታ እናትየውን ጠየቀች። ከሳምንት በፊት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነበረው። ተቅማጡ ቆመ፣ ልጁ ገረጣ፣ ሽንቱ ጠፋ። ሄሞሊቲክ ዩሬሚክ ሲንድረም (ቀይ ሕዋስ የሚሰባበርበት፣ ኩላሊት የሚደክምበት ሕመም) የሚመጣው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ቤተሰብ "ዳነልን" በሚልበት ሰዓት። ሕመሙን የሚያመጣውን መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ነው፤ ሺጌላ ዲሰንተሪዬ ታይፕ 1 ወይም አንዳንድ የኢ. ኮላይ ዝርያ። የሱ የትኛው እንደነበር አላወቅንም፤ ሰገራው ከልቸር አልተደረገም፤ ባክቴሪያው እንዲለይ አልተዘራም።

በኋላ ፓቶሎጂ (የአካል ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ክፍል) ያለ ጓደኛዬ ለማስተማሪያ የተቀመጠ የኩላሊት ስላይድ አሳየኝ። የልጁ አይደለም፤ ፕላትሌቱ እንዲህ የወረደ ልጅ ኩላሊት ላይ መርፌ እንዲሁ አይገባም። ደም የሚጣራባቸው ጥቃቅን ስሮች ተደፍነዋል። መርዙ ከአንጀት ወደ ደም ገብቶ የስሮቹን የውስጥ ሽፋን ይይዛል። ሽፋኑ ያብጣል፣ ከግድግዳው ይላቀቃል፤ ፕላትሌትና ፋይብሪን (የረጋ ደም ክር) እላዩ ላይ ይረጋል። ፕላትሌቱ የሚያልቀው እዚያ ነው። ቀይ ሕዋስ ደግሞ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይቆራረጣል። በብር ቀለም የተነከረው ስላይድ ላይ ግድግዳው ድርብ መስመር ሆኖ ይታያል። ሲብስ የኩላሊቱ የውጪው ክፍል እስከ መሞት ይደርሳል። የኔን ስብርባሪዎች የት እንደተሠሩ ያን ቀን አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ!

ጓደኛዬ በፈረንጆቹ 2011 ጀርመን ውስጥ ስለሆነውም ነገረኝ። ከ800 በላይ ሰው በዚሁ ሕመም ተይዟል፤ መነሻው የበቀለ አብሽ ነበር። ያ አብሽ ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

ልጁ ዳያሊሲስ ወዳለበት ተላከ። ሽንቱ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ተመለሰ ብለው ነገሩን።

ከስልኩ ይልቅ የማልረሳው ግን ባለ ቀይ ክዳኑን ቲዩብ ነው። ዊዳሉን ሠርቼ የተረፈውን ሴረም (የደሙን ውሃ) ራክ ላይ አስቀምጬው ነበር። ጠዋት ክሬአቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ከፍ የሚለው) ሲታዘዝ አዲስ ደም አልተቀዳም፤ ከዚያው ቲዩብ ነው የሠራነው። 5.8 ወጣ። ሌሊቱን ሙሉ ክንዴ አጠገብ ነበር።