«ሁለት ሰው» ይላል ካርቶኑ

«ካርቶኑ ላይ ሁለት ሰው ይላል። አንድ ድንኳን ውስጥ የምታድሩት ስንት ናችሁ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ?»

ይህቺ «ታዲያ?» ዓመት አልፏትም ከጆሮዬ አልወጣችም።

ደሴ ቢሮ ነን፣ የግዥ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ። ሦስት ፕሮፎርማ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የመስክ ክፍሉን ወክዬ የገባሁት እኔ ነኝ። የጠየቁኝ የግዥ ኃላፊያችን ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው በእርጋታ ነው የጠየቁኝ። ክፋት የለባቸውም። እኔ «ወለሉ የጠበበ መሰለኝ» ብያለሁ፤ በእጄ ያለው ማስረጃ ግን «መሰለኝ» ብቻ ነው። ለ«ታዲያ?» የሚሆን መልስ አጣሁ። ፈረምኩ።

ስፔሲፊኬሽኑን የጻፍኩትም እኔው ነበርኩ። ሙሉውን ላስነብባችሁ፦ «ድንኳን፣ የሁለት ሰው፣ ውሃ የማያስገባ፣ ብዛት 6»። በቃ፣ ይኸው ነው። ሦስቱም አቅራቢዎች ከጎኑ «ኮምፕላይ»፣ ማለትም እናሟላለን፣ ብለው ጻፉበት። አልዋሹም። እንዲህ ተጽፎ የማያልፍ ድንኳን የለም። ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው አሸነፈ።

ዕቃው ኮምቦልቻ መጋዘን ገባ። የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ከመቆረጡ በፊት እንድናይ ተጠራን። ግቢው ውስጥ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ አንዱን ተከልነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ነፋስ የለ፣ ዝናብ የለ። ሰማያዊ ነው፣ ያምራል። የንብረት ክፍሉ ልጅ «ማሻአላህ፣ ቤት እኮ ነው!» ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳው። ዙሪያውን ዞርን። ዚፑን ከፍተን ጎንበስ ብለን አየን። ጫማውን አውልቆ የገባ፣ በጀርባው የተኛ ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። ጫማ ስንገዛ እንኳ እግራችንን ከተን ነው የምንሞክረው።

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ ወጥተን ደሴ ስንገባ 2,500 ይጠጋል። የኛ ሥራ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው፤ በጉጉፍቱ በኩል ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ። ምንጭ ነው የምንቆጥረው። ምንጩ ሥር 20 ሊትር ጀሪካን ደቅነን በስንት ሰከንድ እንደሞላ እንይዛለን። 40 ሰከንድ ከፈጀ ግማሽ ሊትር በሰከንድ ማለት ነው። ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው በእግር ነው የምንሄደው። መኪና አይገባም። ማደሪያችንን ተሸክመን ነው የምንዞረው።

ወሩ መጋቢት ነበር። የወሎ ደጋ የበልግ አገር ነው። እዚህ ታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እዚያ ላይ ከቀትር በኋላ ደመናው ይወርዳል። ይህን ሳውቅ ነው ያን አንድ መስመር ጽፌ ያስገባሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመጀመሪያዋ ሌሊት።

ባልደረባዬ ረጅም ናት፣ 1 ሜትር ከ76። ካርቶኑ 200 በ120 ሴንቲ ሜትር ይላል። ወረቀት ላይ ይበቃታል። ግን የዚህ ድንኳን ግድግዳ ከወለሉ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይጋደማል። ሰው ምንጣፍ ላይ፣ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ሲተኛ ራሱና እግሩ ከመሬት ከፍ ይላሉ። እዚያ ከፍታ ላይ 200 ሴንቲ ሜትር የለም። እግሯ ጨርቁን ነካ። ወደ ላይ ሳብ ስትል ፀጉሯ ነካ። ስፋቱም እንደዚያው። የተለመደው የካምፕ ምንጣፍ ወርዱ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን 102 ይሆናሉ። የተረፈችው 18 ሴንቲ ሜትር የሁለት ሻንጣ፣ የሁለት ጥንድ ጭቃ የበላ ጫማና የጂፒኤሱ ቦታ ሆነች። ድንኳኑ በረንዳ የለውም። ሻንጣ ደጅ አያድርም። ስለዚህ አንዱን በመካከላችን፣ አንዱን እግራችን ላይ አደረግን። በሩ አንድ ነው፣ በእሷ በኩል። ሌሊት ለመውጣት ባልደረባዬን ረግጬ ማለፍ ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ ወጣሁ። ሁለቴም አንዲት ቃል ሳትናገር እግሯን ሰበሰበችልኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ በረዶ ጣለ። ቀጥሎ ነፋሱ መጣ። ካስማዎቹ ሽቦ ናቸው፣ ድንጋያማው መሬት ላይ ገና ስንተክላቸው ተጣመዋል። የፋይበር ግላሱ ዘንግ መጋጠሚያው ላይ ተሰነጠቀ፤ ክሩ እንደ ቃጫ ተተረተረ። የግንባር ባትሪ ለብሼ በፕላስተር ጠቀለልኩት። እጄ ውስጥ የገባው የፋይበር ስንጥር ሳምንት ሙሉ አሳከከኝ።

ክፉኛ ያረጠበን ግን ዝናቡ አልነበረም። ትንፋሻችን ነው። የላይ ሽፋኑ እንደ ቆብ አናቱ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው፤ ጎኑ አንድ ንብርብር ጨርቅ ነው። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ጨርቅ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ ይወርዳል። ጨርቁን የነካ ሁሉ ይረጥባል፤ እግር ቢሆን፣ ራስ ቢሆን፣ ደብተር ቢሆን።

ደብተሬ በሻንጣው የጎን ኪስ ነበር። ኪሱ ግድግዳውን ተደግፎ አድሯል። ጠዋት ስከፍተው ከአሥራ አንድ ምንጮች የአራቱ ሰከንዶች ሰማያዊ ጠቃጠቆ ሆነዋል። በእስክሪብቶ ነበር የጻፍኩት። ገጹን ወደ ብርሃን አዙሬ ለማንበብ ሞከርኩ። 38 ይሁን 88 አይለይም። እዚያው እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አልኩ። እንባዬ መጣ። ብርዱን እችለዋለሁ። አንድ መንደር ስንት እንስራ ውሃ እንዳለው የሚናገር ቁጥር ግን በገዛ ትንፋሼ ሲጠፋ አልቻልኩም።

ከጎጇቸው ጭስ እየወጣ አንዲት እማማ መጡ። ድንኳኑን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ምነው ልጆቼ፣ ቤት እያለ ጨርቅ ውስጥ?»

«አመሻሽተን ነው የደረስነው እማማ፣ ሰው እንዳናስቸግር ብለን ነው።»

«ማስቸገር? የእግዜር እንግዳ ያስቸግራል እንዴ? ግቡ፣ ግቡ!»

ምድጃው ዳር አስቀምጠው የገብስ ቆሎ ዘገኑልን። ቡናው ተፈላ። ስሊፒንግ ባጎቻችን ወጋግራው ላይ ተሰቅለው ይጨሱ ጀመር። ስለ ድንኳኑ ነገርኳቸው፤ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው አልኩ። ባልደረባዬን ከራሷ እስከ እግሯ አዩአት።

«ሁለት ሕፃን ይሆናል» አሉ።

ኮሚቴው ፊት ያጣሁት መልስ ይኸው ነበር። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር የሚጽፈው አምራቹ ነው። ሁለት አካል ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ያለ ሻንጣ፣ ያለ ጫማ፣ ሳይገላበጥ ማለት ነው። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደተሸከመ አይጠይቅም።

ለአራቱ ምንጮች ተመልሰን ሄድን። ሁለት ቀን በላብን። የሁለት ሰው አበልና የአንድ በቅሎ ኪራይ ጭምር። በድንኳኑ ዋጋ ያተረፍነው ገንዘብ በየት በኩል እንደወጣ በፕሮፎርማ ላይ አይታይም።

ደሴ ስገባ ድንኳኑን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለችው የኪራይ ቤቴ ሳሎን ውስጥ ተከልኩት። ሶፋውን አስወጥቼ ነው። ሜትር ይዤ ለካሁ። እየተኛሁ እየተነሳሁ ጻፍኩ። አከራዬ በበር ብቅ ብለው «አብሽሪ ልጄ፣ ቤቱ አያፈስም እኮ» አሉኝ።

ቀጣዩ በጀት ሲለቀቅ ጠመኔ ይዤ ስብሰባ ገባሁ። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አስጠጋነው። ሲሚንቶው ላይ 200 በ120 አሰመርኩ። ጋቢዬን አነጠፍኩ።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ አንዴ ይተኙልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«እዚች ላይ። ሾፌራችን ከጎንዎ ይተኛል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እንደሚቆጡኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ጋሼ ግን ለረጅም ጊዜ መስመሩን አዩት። ከዚያ ጫማቸውን ፈቱ፣ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ አደረጉ፣ በአንድ እጃቸው ወንበሩን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ። የካልሲያቸው ጫፍ መስመሩ ላይ አረፈ። ሾፌራችን ደንዳና ነው። ጎናቸው ሲተኛ የቀኝ ትከሻው ከመስመሩ ወጣ። እኔ ሁለት የተሞሉ የመስክ ሻንጣዎች አምጥቼ ራስጌያቸው ቆምኩ።

«ሻንጣው የት ይቀመጥ?» አሉ ጋሼ፣ ጣሪያውን እያዩ።

«እሱን ነው የምጠይቅዎት ጋሼ።»

መልስ አልሰጡኝም። ወደ ግራ ለመገላበጥ ሞከሩ። ክርናቸው ሾፌሩን ነካ። እንደገና በጀርባቸው ተኙ። ከዚያ እዚያው እንደተኙ «ጻፊው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«የሚበቃውን ነዋ፣ ልጄ። አንድ በአንድ። እኔ ያልተጻፈ ልገዛልሽ አልችልም።»

ይህ ነገራቸው ነካኝ። ለካ ያቺ «ታዲያ?» ስድብ አልነበረችም። ቁጥር ስጪኝ እያሉኝ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ግን በሆዴ ተቀይሜያቸው ኖርኩ።

ጻፍኩ። ወለሉ ቢያንስ 215 በ130፣ ስፋቱም በራስጌ ብቻ ሳይሆን በግርጌም ይለካ፤ ክብደት ለመቀነስ ግርጌውን የሚያጠብቡ አሉና። 64 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሰፊ ምንጣፎች እንኳ ሁለቱ 128 ይሆናሉ፣ ይገባሉ። በር በግራና በቀኝ፣ በየበሩ ሻንጣና ጫማ የሚያድርበት በረንዳ። ውስጡ መረብ ያለው፣ የላይ ሽፋኑ እስከ መሬት የሚወርድ፤ እርጥበቱ በመረቡ አልፎ ሽፋኑ ላይ ይቀራል፣ በጎን ይወርዳል፣ ሰው አይነካም። ዘንጉ አሉሚኒየም። የወለሉ ጨርቅ 3,000 ሚሊ ሜትር የውሃ ዓምድ የሚችል፤ ማለትም 3 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ ቢቆምበት የማያሳልፍ። እርጥብ መሬት ላይ ጉልበትና ክርን ሲጫን ውሃው በኃይል ነው የሚገፋውና ወለሉ ላይ መቆጠብ አይገባም። ስፌቱ ከውስጥ የተለጠፈ። ክብደቱ ካስማና ገመዱን ጨምሮ ከ2.5 ኪሎ ያልበለጠ። እኛ ለሁለት እንካፈለዋለን፤ አንዷ ዘንጉንና ሽፋኑን፣ አንዷ ውስጡን። በመጨረሻ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ናሙና ቀርቦ፣ ሁለት ሠራተኞች ከነሻንጣቸው ተኝተውበት ይረከቡታል»።

በዚህ ጊዜ «ኮምፕላይ» ብለው ከጻፉት ናሙና ይዞ የመጣው አንዱ ብቻ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ነበር። ኮሚቴው ተከራከረ፣ ቃለ ጉባኤው ረዘመ፣ ጋሼ ቆመውልኝ አለፈ። በጀቱ የቻለው ሁለት ብቻ ነው። ስድስት አልተገዛም።

በነዚያ ሁለት ድንኳኖች ከዚያ ወዲህ ስንት ሌሊት አድረናል። ከሥራቸው ላስቲክ እናነጥፋለን፤ ከወለሉ በየጎኑ አራት ጣት አሳጥረን ነው የምንቆርጠው፣ ላስቲኩ ከወጣ ዝናቡን ሰብስቦ ከበታችን ያስገባዋል። ስንመለስ እርጥቡን ጠቅልለን አናስቀምጥም። የውስጥ ቅቡ ይለጠፍና ይላጣል። መጋዘኑ በረንዳ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ዘርግተን ደርቆ ነው የሚገባው። ደብተሬን ደግሞ አሁን በእርሳስ ነው የምጽፈው።

ስድስቱ ሰማያዊዎች ግን አሁንም አሉ። አዲስ ልጆች ሲቀጠሩ የሚደርሳቸው እነሱ ናቸው። ባለፈው ኮምቦልቻ ወርጄ የንብረት ክፍሉን ልጅ ለመንኩት።

«የመጋዘን መዝገቡ፣ ቢን ካርዱ ላይ አንድ ሰው ብለህ አስተካክለው።»

«ወላሂ አልችልም እህቴ። ሞዴል 19 ላይ የሁለት ሰው ተብሎ ነው የገባው። እኔ ብቀይረው ኦዲት ይጠይቀኛል።»

እውነቱን ነው። ማርከር ስጠኝ አልኩት። ስድስቱንም ከመደርደሪያ አወረድኩ። በየከረጢቱ ላይ፣ ከፋብሪካው ጽሑፍ በላይ፣ በትልቁ ጻፍኩባቸው፦ «1 ሰው ከነሻንጣው»። ልጁ አልከለከለኝም። ስድስተኛውን ስጨርስ ማርከሩን ተቀብሎኝ፣ የደበዘዘችውን «1» እንደገና አደመቃት።